ከባሮ መርከብ እስከ ኮምፒዩተር፦ የጨርቅ ሞዴል ሶፍትዌር ታሪክና የኢሉባቦር መሐንዲስ

ስለ ኢሉባቦር ሲነሣ አስቀድሞ የሚታሰበው ደኑ፣ ቡናውና ዝናቡ ነው። ጨርቅን የሚያስታውስ እምብዛም አይገኝም። ጥጥ የሚስማማው ሞቃቱ ቆላ እንጂ እንደ ጎሬና እንደ መቱ ያለው ርጥብ ከፍተኛ ቦታ ስላልሆነ ይህ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ የአካባቢውን የንግድ ታሪክ ቀረብ ብሎ የመረመረ ሰው፣ ኢሉባቦርን ከውጭው ዓለም ጋር ካስተሳሰሩት ነገሮች አንዱ ጨርቅ እንደ ነበረ ይገነዘባል።

በ1902 ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር፣ በጋምቤላ፣ የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ1907 ጀምሮም በእንፋሎት የሚንቀሳቀሱ መርከቦች፣ ወንዙ በሚሞላበት የክረምት ወራት፣ ከካርቱም ተነሥተው በነጭ ዓባይ፣ በሶባትና በባሮ በኩል ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። ከጎሬና ከአካባቢው ቡናና ሰም በበቅሎና በሰው ጫንቃ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ በምትኩም ጨውና አቡጀዲድ ወደ ደጋ ይወጣል። በዚህ ንግድ የበለጸገችው ጎሬ የኢሉባቦር ዋና ከተማ ሆና ለብዙ ዘመን ከመቆየቷም በላይ፣ በ1936 አዲስ አበባ በፋሺስት ጦር ከተያዘች በኋላ ለጥቂት ወራት የመንግሥት መቀመጫ እስከ መሆን ደርሳ ነበር። ዋና ከተማነቱ ወደ መቱ የተዛወረው በኋላ ነው።

እንግዲህ በዚያ ዘመን ጨርቅ ወደ ኢሉባቦር የሚመጣው ተሸምኖና ተጠቅልሎ ነበር። ገዢው ጨርቁን በገበያ ስሙ ያውቀዋል፤ ጥንካሬውን በጣቱ ይዳስሳል፤ ነገር ግን ጨርቁ እንዴት እንደ ታሰበና ማን እንዳሰበው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ዛሬ ደግሞ ወደዚያው አካባቢ ሌላ ዓይነት ዕቃ መድረስ ይችላል። እርሱም የጨርቁ ዕውቀት ነው፤ ማለትም ድርና ማግ እርስ በርሳቸው የሚተላለፉበትን መንገድ በስሌት አስልቶ በኮምፒዩተር የሚያሳይ ሶፍትዌር። ከእነዚህም መካከል በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ቴክስጄን ያለ ዋጋ ይወሰዳል፤ የውስጥ አሠራሩም ለማንም ክፍት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን የመሰለ ሶፍትዌር በምን ታሪክ አልፎ እዚህ እንደ ደረሰ ማሳየት፣ ከዚያም እንደ መቱ ባሉ ከተሞች የሚሠራ መሐንዲስ እንዴት ሊያወርደው፣ ሊጭነውና በጽሑፉ ሊጠቅሰው እንደሚገባ ማመልከት ነው። የመጨረሻው፣ ማለትም መጥቀስ፣ ከሁሉ ይልቅ ቸል የሚባለው ስለ ሆነ በተለይ አተኩርበታለሁ።

ጨርቅ ወደ ስሌት የገባበት መንገድ

ኮምፒዩተርና ሽመና ዝምድናቸው የቆየ ነው። በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ ባዚል ቡሾን የተባለ ሰው በ1725 የሐር ጥለት የሚመራበትን ቀዳዳ ያለው የወረቀት ጥቅል ሠራ። ዣን ባፕቲስት ፋልኮን በ1728 ጥቅሉን በተያያዙ ካርዶች ተካው። ዣክ ደ ቮካንሶን በ1745 አሠራሩን ያለ ረዳት እጅ በራሱ እንዲንቀሳቀስ ለማድረግ ሞከረ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ዦዜፍ ማሪ ዣካር የቀደሙትን ሰዎች ሐሳብ አዋሕዶ በ1804 የተሟላ መሸመኛ አቀረበ። የፈረንሳይ መንግሥትም ብዙ ሳይቆይ መሸመኛውን የሕዝብ ሀብት ብሎ ዐወጀው፤ ለዣካር ግን ጡረታ ቈረጠለት። በዚህ ዓይነት አንድ የምሕንድስና ሥራ ለሁሉ ተለቀቀ፣ ሠሪውም አልተረሳም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮች እንማራለን። አንደኛው፣ ሥራው ለሁሉ ክፍት በመሆኑ መሸመኛው በአጭር ጊዜ መስፋፋቱ ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅም በ1830ዎቹ ላቀደው የስሌት መሣሪያ ትእዛዝ ማስገቢያ እንዲሆን የመረጠው ይህንኑ ቀዳዳ ያለውን ካርድ ነበር። ሁለተኛው ግን የሚያሳዝን ነው። መሸመኛው እስከ ዛሬ የሚጠራው በዣካር ስም ብቻ ነው። ቡሾንንና ፋልኮንን ከታሪክ አጥኚዎች በቀር የሚያስታውሳቸው የለም። ሥራ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ስም በመንገድ ሊወድቅ እንደሚችል ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

እስከዚህ ድረስ ግን መሣሪያው ጥለትን አዘዘ እንጂ የጨርቁን ባሕርይ አላሰላም። ይህን ሥራ በጽኑ መሠረት ላይ ያቆመው፣ በማንቸስተር በሺርሊ ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው ፍሬደሪክ ቶማስ ፒርስ ነው። ፒርስ በ1937 የጨርቅ መዋቅርን ጂኦሜትሪ የሚመለከት ጥናት አሳተመ። ክር ቢቆረጥ የሚታየው ገጽ ክብ ነው፣ ክሩም በቀላሉ የሚታጠፍ ግን የማይጨፈለቅ ነው ብሎ በመነሣት፣ ድሩ በማጉ ላይ ከፍና ዝቅ ሲል የሚፈጥረውን ሞገድ በቀመር አሳየ።

ነገሩን በአካባቢያችን ዕቃ እንመልከተው። ከያዩ፣ ከሁሩሙና ከበደሌ የሚመጣው ቡና በገበያ የሚታወቀው በጆንያ ነው፤ በዓለም አቀፍ ንግድም የቡና መለኪያ 60 ኪሎ ግራም የሚይዝ ጆንያ ነው። የቃጫ ወይም የጁት ጆንያ አሠራሩ ከሽመና ዓይነቶች ሁሉ ቀላሉ ነው፤ አንዱ ክር በአንዱ ላይ፣ በሚቀጥለው ሥር እያለ ይሄዳል። 100 ሳንቲ ሜትር ከሚሆን ጆንያ ላይ አንድ ክር መዝዘን ብንዘረጋው 105 ሳንቲ ሜትር ሆነ እንበል። ትርፉ 5 ሳንቲ ሜትር ክሩ በሞገድ መልክ በመሄዱ የተፈጠረ ነው፤ መሐንዲሶች ክሪምፕ የሚሉት ይህን ሲሆን፣ በምሳሌያችን 5 በመቶ ወይም 0.05 ይሆናል። በፒርስ የግምት ቀመር መሠረት የክሩ ሞገድ ከፍታ የሚገኘው፣ የክሪምፑን ስኩዌር ሩት በጎረቤት ክሮች መካከል ባለው ርቀት አባዝቶ እንደገና በ4/3 በማባዛት ነው። በክሮቹ መካከል ያለው ርቀት 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ከፍታው 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። የድሩና የማጉ ከፍታ ድምር ከሁለቱ ክሮች ውፍረት ድምር ጋር እኩል ስለ ሆነ፣ ድርና ማጉ ተመሳሳይ ከሆኑ እያንዳንዱ ክር 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል ማለት ነው። ማስመሪያና መቀስ ብቻ ያለው ሰው በገበያ ቀን ጆንያ ይዞ ይህን ሊሞክረው ይችላል።

ይሁንና እውነተኛ ክር እንደ ብረት ሽቦ ክብ ሆኖ አይቀርም፤ ሲጫኑት ይጠፈጠፋል። ስለዚህ ኬምፕ በ1958 የተጠፈጠፈ ክርን ለማስላት የፒርስን ቀመር አሰፋው። ኸርልና ሻናሃን ደግሞ በ1978 እንደ ምስር ፍሬ ጎኑ ሹል የሆነ ቅርጽን ከጉልበት ስሌት ጋር አቀረቡ። እንዲህ ስሌቱ እየረቀቀ ሲሄድ በእጅ መሥራቱ አዳጋች ሆነ። በተለይም ብዙ ድርብርብ ያላቸው፣ ከሙጫ ጋር ተዋሕደው ለአውሮፕላን፣ ለተሽከርካሪና ለሌላውም አካል የሚሆኑ ኮምፖዚት ጨርቆች ሲመጡ ኮምፒዩተር የግድ አስፈለገ።

የነጻ ፈቃድ ልደትና ቴክስጄን

የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ሰው ጽፎት ሰው የሚያነበው የምንጭ ኮድ ነው። ሁለተኛው መሣሪያው የሚፈጽመው፣ ሰው ግን የማያነበው ነው። የንግድ ኩባንያዎች አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን ብቻ ይሸጣሉ። ገዢው ዕቃውን ይጠቀምበታል እንጂ ፈትቶ አያየውም፤ ለወንድሙም ሊሰጠው አይፈቀድለትም።

ይህን አሠራር የተቃወመው አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ግኑ የተባለውን ፕሮጀክት ይፋ አደረገ፤ በ1985 የነጻ ሶፍትዌር ድርጅትን አቋቋመ፤ በ1989 ደግሞ ጠቅላላ የሕዝብ ፈቃድ የሚባለውን ውል አወጣ። የፈቃዱ ይዘት በአጭሩ ይህ ነው። ፕሮግራሙን የያዘ ሰው ለፈለገው ዓላማ ሊጠቀምበት፣ የምንጭ ኮዱን ሊያጠና፣ ሊያሻሽለው፣ ቅጂውንም ለሌላ ሊሰጥ ይችላል። ሆኖም ለሌላ ሲሰጥ ተቀባዩም ይህንኑ መብት እንዲያገኝ ፈቃዱንና የምንጭ ኮዱን ማግኛ አብሮ መስጠት አለበት። ስለዚህ ነጻ ማለት ባለቤት የለሽ ማለት አይደለም። ባለቤቱ መብቱን ለሌሎች ለማካፈል ተጠቅሞበታል ማለት ነው።

በኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ መጨረሻ የኮምፖዚት ጨርቆችን ጂኦሜትሪ በኮምፒዩተር መሥራት ጀመሩ። ከዚህ ሥራ የተወለደው ቴክስጄን የሚሰጠው በዚሁ ጠቅላላ የሕዝብ ፈቃድ ነው። በእድገቱ ውስጥ ከፍተኛ ድርሻ ያለው ማርቲን ሸርበርን በ2007 የዶክትሬት ጽሑፉን ስለ ጨርቆች ጂኦሜትሪያዊና ሜካኒካዊ ሞዴል አቀረበ። ከእርሱ በኋላ ሉዊዝ ብራውን ከአንድሪው ሎንግ ጋር ሥራውን አስፋፍታዋለች።

አሠራሩን ፒርስን የተከተለ አንባቢ በቀላሉ ይረዳዋል። ተጠቃሚው በመጀመሪያ የክሩን መንገድ በጥቂት ነጥቦች ያመለክታል፤ ፕሮግራሙም ነጥቦቹን በለስላሳ ኩርባ ያገናኛቸዋል። ቀጥሎ ክሩ ቢቆረጥ የሚታየውን ገጽ ይመርጣል፤ ክብ፣ ሞላላ ወይም እንደ ምስር ሹል ሊሆን ይችላል። ከዚያ ራሱን የሚደግመውን ትንሹን ክፍል ይወስናል። ለጆንያችን ሁለት ድርና ሁለት ማግ ይበቃሉ፤ የቀረው ጨርቅ ሁሉ የዚያ ድግግሞሽ ነውና። በመጨረሻ ሞዴሉ ታይቶ፣ ክሮች እርስ በርሳቸው ገብተው እንዳይገኙ ተመርምሮ፣ በፋይናይት ኤለመንት ዘዴ ለሚሠሩ የጥንካሬ ማስያ ፕሮግራሞች ይላካል። ይህን ሁሉ በመስኮት እየተመለከቱ መሥራት ይቻላል፤ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ትእዛዝ ጽፎ ማሠራትም ይቻላል።

በአገራችን ያለው መሠረት

ኢትዮጵያ ለዚህ ዕውቀት ባዕድ አይደለችም። የድሬዳዋ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1939፣ የባሕር ዳሩ ደግሞ በ1961 ተቋቁመዋል። በ1963 በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ከሚያስተምራቸው ሙያዎች አንዱ የጨርቃ ጨርቅ ቴክኖሎጂ ነበር። የዚያ ዘር ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኗል።

በሌላ በኩል መቱ ዩኒቨርሲቲዋን ያገኘችው በቅርቡ፣ በ2011 ነው። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኝ ከተማ ምሕንድስና የሚማር ወጣት በሥሩ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የለውም፤ በዙሪያው ግን የጨርቅ ችግር ሞልቷል። ቡናው በጆንያ ይታሸጋል። መንገዱ፣ ከአገሪቱ እጅግ ዝናባማ ከሆኑት ስፍራዎች አንዱ በመሆኑ፣ አፈሩን አንቆ ውሃውን የሚያሳልፍ ጨርቅ ይሻል። እንሰትና ቀርከሃን የመሰሉ የአገር ተክሎች ቃጫቸው ከሙጫ ጋር ተዋሕዶ ሰሌዳ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሁሉ ከመሥራት በፊት በስሌት መሞከር ገንዘብና ጊዜ ያተርፋል።

ታዲያ መሣሪያው ከየት ይምጣ? እዚህ ላይ በሙያችን ውስጥ በግልጽ የማይነገር አንድ ጉዳይ አለ። ብዙ ተማሪዎችና ባለሙያዎች ዋጋቸው ከዓመት ደመወዝ የሚበልጥ የንግድ ሶፍትዌሮችን ቁልፋቸው በተሰበረ ቅጂ ይጠቀማሉ። የሚያደርጉት በክፋት ሳይሆን በችግር ነው። ይሁን እንጂ ውጤቱ ከባድ ነው። በመጀመሪያ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠብቃቸው ሥራዎች መካከል ቈጥሮታል። ሁለተኛ፣ የተሰበረ ቅጂ ምን እንደ ተለወጠበት ስለማይታወቅ ስሌቱ አይታመንም፤ ቫይረስም ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሦስተኛ፣ በጽሑፍ ላይ ስሙን መጥቀስ ራስን ማጋለጥ ስለሚሆን ባለሙያው መሣሪያውን ይደብቃል። መሣሪያውን የደበቀ መሐንዲስ ደግሞ ስሌቱን ሌላ ሰው እንዳይመረምረው ከልክሏል። ሦስተኛው ጉዳት ከሁሉ የከፋ ይመስለኛል።

ስለ ማውረድና ስለ መጫን

ነጻ ፈቃድ ያለው ሶፍትዌር ለመቱና ለመሰል ከተሞች ያለው ትልቁ ጥቅም ርካሽነቱ ብቻ አይደለም። ከእጅ ወደ እጅ እንዲተላለፍ መፈቀዱም ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ እንደ ነበር እናስታውሳለን። ያን ጊዜ ፈቃዱን በየጊዜው በኢንተርኔት የሚያረጋግጥ የንግድ ፕሮግራም የያዘ ሰው ሥራውን ለማቆም ሊገደድ ይችል ነበር። ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ የያዘ ግን ሥራውን መቀጠል፣ ለባልንጀራውም መስጠት ይችል ነበር፤ ይህንንም በማድረጉ ሕግ አልጣሰም። መስመር በሌለበት ቀን ቅጂው ከጎሬ ወደ በደሌ በአውቶቡስ ቢሄድም ሕጋዊነቱ ያው ነው።

ይህ እንዲሆን ግን ጥቂት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ መጫኛው መወሰድ ያለበት ከሠሪዎቹ ይፋዊ ገጽ ነው፤ የቴክስጄን በሶርስፎርጅ ላይ ይገኛል፣ የምንጭ ኮዱም በጊትሃብ ተቀምጧል። ሌላ ቦታ የተለጠፈ ቅጂ ከማን እጅ እንደ ወጣ አይታወቅም። ሁለተኛ፣ መስመሩ ጥሩ በሆነበት ሰዓት መጫኛውን ብቻ ሳይሆን የምንጭ ኮዱን፣ የፈቃዱን ጽሑፍና መመሪያውን አብሮ ማውረድ ይገባል። ለሌላ የሚሰጥ ቅጂ ሙሉና ሕጋዊ የሚሆነው በዚህ ነው። ሦስተኛ፣ ለዊንዶውስ የተዘጋጀ መጫኛ ሲኖር፣ በሊኑክስ የሚሠራ ሰው ግን ፕሮግራሙን ከምንጭ ኮዱ ራሱ መገንባት ይኖርበታል፤ ለዚህም የሚያስፈልጉትን ሌሎች ፕሮግራሞች አስቀድሞ ያሰባስብ። አራተኛ፣ በፓይተን ትእዛዝ ለመሥራት የሚሻ ሰው የፓይተኑ ዕትም ከቴክስጄኑ ጋር የሚስማማ መሆኑን ይመርምር፤ ለጀማሪ ችግር የሚሆነው ብዙ ጊዜ ይኸው አለመጣጣም ነው።

ከተጫነ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ መልሱ የታወቀ ጥያቄ ማቅረብ ነው። ከላይ የሰላነውን ጆንያ በፕሮግራሙ ሠርቶ የክሩ ከፍታ ወደ 1.5 ሚሊ ሜትር መቅረቡን መመልከት ይቻላል። ስሌቱ ከፒርስ ጋር እጅግ ከተራራቀ ስሕተቱ ከመሣሪያው ይልቅ ከእኛ አገባብ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ፕሮግራሙ የኢሉባቦርን አየር አያውቅም። የተክል ቃጫ ርጥበት ሲያገኝ ያብጣል። በበጋ የተለካ ክርና በሐምሌ የተለካ ክር አንድ አይሆኑም። ስለዚህ ልኩ የተወሰደበትን ጊዜና ሁኔታ መጻፍ የመሐንዲሱ ፈንታ ነው።

የስም ዕዳ

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እመጣለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቃጫ ጨርቅና ከሙጫ ስለሚሠራ ሰሌዳ አንድ ጽሑፍ አዘጋጅቼ ለአንድ መጽሔት ልኬ ነበር። የጨርቁን ሞዴል የሠራሁት በቴክስጄን ሲሆን፣ መጫኛውን ያገኘሁት ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ፍላሽ ነው። በጽሑፉ ላይ ያሰፈርሁት «ሞዴሉ በኮምፒዩተር ተሠርቷል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር። መርማሪው ጽሑፉን መልሶ ሦስት ጥያቄ ጠየቀኝ። ፕሮግራሙ ምንድን ነው? ዕትሙ ስንተኛ ነው? የክሩ ቅርጽ ምን ተብሎ ተመረጠ? የመጀመሪያውን መለስሁ። ለሁለተኛው መልስ አልነበረኝም፤ ኮምፒዩተሬ ተበላሽቶ ስለ ነበር መጫኛውም ሞዴሉም ጠፍተዋል። ባልደረባዬም ፍላሹን ለሌላ ሥራ አጥፍቶታል። አዲስ ዕትም አውርጄ ሞዴሉን እንደ ገና ስሠራ ውጤቱ ከፊተኛው ጋር አልተስማማም። ልዩነቱ ከፕሮግራሙ ይሁን ከራሴ ምርጫ ለመለየት አልቻልሁም፤ ምክንያቱም የቀድሞውን ምርጫዬን አልጻፍሁትም። የሦስት ሳምንት ሥራ ዳግመኛ ሠራሁ። ጥፋቱ የማንም አልነበረም፤ የእኔው ነበር።

ከዚህ የተማርሁት ምንጭ መጥቀስ ትሕትናን ከማሳየት አልፎ የሥራው አካል መሆኑን ነው። በእርግጥ ጠቅላላው የሕዝብ ፈቃድ ተጠቃሚው በጽሑፉ እንዲጠቅስ አያስገድድም፤ ፈቃዱ የሚናገረው ስለ ቅጂና ስለ ማሻሻል ነው። መጥቀስ የምሁራን ወግ ነው፤ የቴክስጄን ሠሪዎችም ሥራቸውን የተጠቀመ ሰው እንዲጠቅሳቸው ጠይቀዋል። ሊገደድ በማይችል ነገር ላይ ታማኝ መሆን ደግሞ የሙያ ክብር ነው።

የተሟላ ጥቅስ ሁለት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ሐሳቡን ያስረዳው ጽሑፍ ነው። ለቴክስጄን ብራውንና ሎንግ የጻፉትና በፊሊፕ ቧስ አዘጋጅነት ስለ ኮምፖዚት ማጠናከሪያዎች በታተመው መጽሐፍ በ2021 ሁለተኛ ዕትም ውስጥ የሚገኘው ምዕራፍ ይጠቀሳል። ሁለተኛው ክፍል ራሱ ሶፍትዌሩ ነው፤ ስሙ፣ የዕትሙ ቁጥር፣ የተገኘበት ቦታና የተወሰደበት ቀን ይጻፋል። ዕትሙ በዜኖዶ መዝገብ ቋሚ ቁጥር ካለው ያ ቁጥር ይታከላል። በዚህ ላይ ሞዴሉን የሠራው የፓይተን ትእዛዝ ከጽሑፉ ጋር ቢያያዝ፣ በባሕር ዳር ወይም በኖቲንግሃም ያለ ሰው የመቱውን ስሌት ቃል በቃል ሊደግመው ይችላል።

መጥቀስ ለሠሪዎቹም ይጠቅማል። በዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ነጻ ሶፍትዌር የሚኖረው በምርምር ገንዘብ ነው። ገንዘቡን የሚሰጠው ክፍል ደግሞ ሥራው ለማን ጠቀመ ብሎ ይጠይቃል። ተጠቃሚው ዝም ካለ ሥራው እንዳልጠቀመ ይቈጠራል። በመቱ የተሠራ አንድ ጥናት በዝርዝሩ ሲገኝ ግን መሣሪያው እስከዚህ ድረስ መድረሱ ይታወቃል፤ በዚያው መጠን እኛም በዓለም የሙያ ሸንጎ ላይ መኖራችን ይመዘገባል።

በመቱ ገበያ አጠገብ ከሚሸምኑ አንድ አረጋዊ ነጠላ ስገዛ፣ «አባባ፣ ይህን ጥለት ማን አወጣው?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። መወርወሪያውን ሳያቆሙ፣ «ልጄ፣ እኔ ካባቴ አየሁት፤ አባቴ ከማን እንዳየው አልነገረኝም» አሉኝ። በእርሳቸው መልስ ነቀፋ የለበትም። ያለ ወረቀትና ያለ መዝገብ በዓይንና በእጅ ለተላለፈ ጥበብ ከዚህ የበለጠ ምስክርነት አይጠየቅም፤ የአባታቸውን ስም ማንሣታቸው ራሱ ጥቅስ ነው። ጽሕፈትና መዝገብ በእጃችን ያለን እኛ ግን ከማን እንዳየነው አልተነገረንም ለማለት አንችልም።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተባለው የሚከተለውን ሐሳብ ለሙያ ማኅበራችን አባላት አቀርባለሁ። በመቱ፣ በጎሬና በበደሌ የምንገኝ መሐንዲሶችና መምህራን አንድ የጋራ የነጻ ሶፍትዌር ማከማቻ ብናቋቁም ከአንድ ሃርድ ዲስክና ከአንድ የመዝገብ ደብተር በላይ ወጪ የለውም። በዲስኩ ላይ መጫኛው፣ የምንጭ ኮዱ፣ ፈቃዱና መመሪያው ይቀመጣል። በደብተሩ ላይ የፕሮግራሙ ስም፣ ዕትሙ፣ የወረደበት ቀን፣ ያወረደው ሰውና እንዴት እንደሚጠቀስ ይመዘገባል። ቅጂ የሚወስድ ሁሉ ፈርሞ ይወስዳል፤ የጻፈውንም ጽሑፍ አንድ ቅጂ መልሶ ያስቀምጣል። አጭር መመሪያም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ቢዘጋጅ፣ እንግሊዝኛው የሚከብደው የቴክኒክና ሙያ ተማሪ ከጥቅሙ አይለይም።

ቀድሞ በባሮ የሚመጣው ጨርቅ ወንዙ ሲጎድል ይቋረጥ ነበር፤ ኢሉባቦርም የሰው ሥራ ተቀባይ ብቻ ሆና ኖራለች። አሁን የሚመጣው ዕውቀት በእጃችን ሊቀር፣ ሊሻሻልና መልሶ ወደ ሰጪዎቹ ሊሄድ የሚችል ነው። የቃጫችንን ልክ፣ የጆንያችንን ሽመናና የዝናባችንን ጠባይ በቴክስጄን ሞዴል ሠርተን፣ ከማን እንደ ወሰድን ጽፈን ብናሳትም፣ በሚቀጥለው ዘመን በሌላ አገር የሚቀመጥ አንድ መሐንዲስ ደግሞ የመቱን ስም በጽሑፉ ለመጥቀስ ምክንያት ይኖረዋል። ለዚህም ከመጪው ጥናታችን ጀምረን የዕትሙን ቁጥር መጻፍ እንልመድ።